ድርቁን የቀደመ ውሃ

ሮማን አባቷን ከጋልቻ ወደ ሐዋሳ ያመጣቻቸው የመጨረሻዋ ላማቸው በሞተች ሰሞን ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አቶ ላታሞ ታቦር ሰፈር ባለው የልጃቸው ቤት በረንዳው ላይ ይውላሉ። ጠዋት ተነሥተው ይጸልያሉ፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋድማሉ፤ ሽቅብ ቁልቁል የሚለውን ባጃጅ ሲያዩ ፀሐይ ትጠልቃለች። የልጃቸው ባል፣ ደረሰ የሚባለው፣ ደግ ሰው ነው። «አባ፣ ምን ጎደለዎት?» ይላቸዋል። «ምንም አልጎደለኝም፣ ጌታ ይባርክህ» ይሉታል። ሮማን ግን የጎደላቸውን ታውቃለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳቸው የከብት ድምፅ ነበር፤ አሁን የሚቀሰቅሳቸው የጎረቤት ሞተር ሳይክል ነው።

ጋልቻ ከሐዋሳ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ደጋው አልቆ መሬቱ ወደ ቆላ ሲወርድ፣ እንሰቱና ቡናው ቀርቶ ግራርና ቁጥቋጦ ሲተካ ወረዳው ይጀምራል። አቶ ላታሞ ባዶ እጃቸውን በቀሩበት ጊዜ ዝናቡ ሁለት ወቅት ተከታትሎ ከድቶ ነበር። እርዳታው አልቀረም፤ መጣ። ሲመጣ ግን ከብቱ በየሜዳው ወድቆ፣ ሰዉም ጓዙን ጠቅልሎ ተበትኖ ጠበቀው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

ሮማን በክልሉ መንግሥት ቢሮ የድርቅ ዝግጁነት ባለሙያ ናት። ከባልደረቦቿ ጋር ስትለፋበት የከረመችው አንድ ዕቅድ ነበር። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ ከብት እስኪወድቅ አይጠበቅም። የበልጉ ዝናብ እንደሚቀር ምልክቱ ከታየ፣ ድርቅ ተብሎ ሳይታወጅ ሥራ ይጀመራል። የተበላሹ ጉድጓዶች ይጠገናሉ፤ ድርቆሽ ወደ ቆላ ይጫናል፤ ከብት ይከተባል፤ አርብቶ አደሩም ከብቱ ሳይከሳ ከፊሉን በደህና ዋጋ እንዲሸጥ ገዢ ይመጣለታል። የክልሉ ምክር ቤት ዕቅዱን ተቀብሎታል፤ አጨብጭቦለታልም። ምልክቱ የታየ ቀን ደፍሮ «ጀምሩ» የሚለው ሰው ማን እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም።

ምልክቱ የታየው በየካቲት መጨረሻ ነው። የነገራት ኢብራሂም ነበር። ኢብራሂም ጂግጂጋ ተወልዶ ያደገ፣ በዩኒቨርሲቲው የአየር ንብረት የሚያስተምር፣ ሲናገር የሚቸኩል ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን ስልኩ ላይ ዝግ ብሎ ተናገረ።

«ሮማን፣ ዜናው ጥሩ አይደለም። ቆላው ላይ በልጉ የሚመጣ አይመስለኝም። ቢመጣም ዘግይቶ ይመጣና ጠብ ብሎ ይሄዳል።»

«ምን ያህል እርግጠኛ ነህ?»

«ከአሥር ሰባት።»

«ሦስቱስ?»

«ሦስቱ የአላህ ነው።»

ሮማን በማግሥቱ አስቸኳይ ስብሰባ አስጠራች። የስብሰባው ዕለት ደግሞ፣ ሰማይ ሊቀልድባት የፈለገ ይመስል፣ ሐዋሳ ላይ ዶፍ ወረደ። ባህል አዳራሽ አካባቢ መንገዱ ጎርፍ ሆኖ ባጃጆች ውሃውን ግራና ቀኝ እየሰነጠቁ ያልፋሉ። ሮማን ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ ከጉልበቷ በታች ርሳ ቢሮ ደረሰች። የቢሮው ኃላፊ አቶ ዓለማየሁ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ዝናቡን ያያሉ።

«ሮማን፣ ይኼ እየወረደ ነው ድርቅ የምትይኝ?» አሏት ሳይዞሩ።

ተሰብሳቢው ሳቀ። እሷም ፈገግ አለች፤ ሌላ ምን ታድርግ? ኢብራሂም ተነሥቶ ካርታውን ግድግዳው ላይ አሳየ። ደመናው ያለውን ሁሉ ደጋውና ሐይቁ ዙሪያ አራግፎ እንደሚጨርስ፣ ተሻግሮ ጋልቻ የሚደርሰው ባዶ ነፋስ ብቻ እንደሆነ አስረዳ። አቶ ዓለማየሁ እስኪጨርስ አዳመጡት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ቀድሞ በሠሩበት ቦታ እንዲሁ ድርቅ ይመጣል ተብለው ድርቆሽ ገዝተው፣ ዝናቡ ሳይታሰብ ዘንቦ፣ ድርቆሹ ሜዳ ላይ ሻግቶባቸዋል። በየስብሰባው እየቆሙ መልስ የሰጡት እሳቸው ነበሩ።

«ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን እኔም አውቀዋለሁ» አሉ ወንበራቸው ላይ እየተቀመጡ። «ቅጠሉን ይዤ ስሮጥ እሳቱ የታለ ተብዬ የተሳቀብኝም እኔው ነኝ። ሁለት ሳምንት እንጠብቅ።»

ሮማን ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ጠፋባት። ከአፏ የወጣው ሌላ ነገር ሆነ።

«ኢብራሂም ቢሳሳት የተጠገነ ጉድጓድና ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ድርቆሽ ይተርፈናል። ሌላ ዓመት እንጠቀምበታለን። ባይሳሳትስ? አቶ ዓለማየሁ፣ አባቴን ያውቋቸዋል። እኔ ቤት በረንዳ ላይ ለሌላ አባት የሚሆን ቦታ የለም።»

አቶ ዓለማየሁ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ሂጂና ከብት አርቢውን ጠይቂ» አሉ በመጨረሻ። «ራሱ ባለቤቱ እሺ ካለ እፈርማለሁ። እሱ እንቢ ያለውን ግን በእሱ ስም አልጀምርም።»

ማታ እራት ላይ ለአባቷ ነገረቻቸው። «አባ፣ ከእኔ ጋር ጋልቻ ይሂዱ።»

«ሄጄስ? ከብት የሌለው ሰው ስለ ከብት ቢናገር ማን ይሰማዋል?»

«ከእኔ ይልቅ እርስዎን ይሰማሉ።»

ዱላቸውን አንሥተው ወደ መኝታቸው ገቡ። ጠዋት ስትወጣ ግን ለእሑድ ጸሎት ብቻ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው መኪናው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው።

ጋልቻ ሲደርሱ ሰዉ ግራሩ ጥላ ሥር ተሰብስቦ ነበር። አቶ ላታሞን ሲያዩ ብዙዎቹ ተነሥተው በሲዳምኛ «ኬሬ»፣ ሰላም፣ እያሉ እጃቸውን ጨበጧቸው። ሮማን ዕቅዱን በዚያው ቋንቋ አስረዳች። ድርቆሽ ስትል ሰዎቹ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ፤ ክትባት ስትልም ነቀነቁ። ከብት መሸጥ ስትል አንድም ራስ አልተንቀሳቀሰም።

የአባቷ እኩያና አብሮ አደግ አቶ ቡራሞ ተነሡ። በአካባቢው የእሳቸውን ያህል ከብት ያለው ሰው የለም።

«ላም ደመና ተፈርቶ አትሸጥም» አሉ። «የወፈረውን ሽጬ የከሳውን ላስቀምጥ? እናንተ ሐዋሳዎች ሥጋ ባማራችሁ ቁጥር ድርቅ መጣ ልትሉን ነው?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሮማን ፊቷ ጋለ። ሳቁ ገና ሳያባራ አቶ ላታሞ ዱላቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ቡራሞ እውነቱን ነው» አሉ።

ሮማን ጆሮዋን አላመነችም።

«ባለፈውም ጊዜ መንግሥት መጥቶ ነበር። ሲደርስ እኔ ቆዳ እየገፈፍኩ ነበር። ስለዚህ ቃል አትቀበሉ። ቃል ከብት አያጠጣም።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አሁን አባትሽ ሆኜ አይደለም የማናግርሽ። አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ፤ እኔ የጋልቻ ሰው ነኝ። ያ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ሥራ ካቆመ ዓመት አልፎታል። ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ወጥተው ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ናቸው። መጀመሪያ ውሃውን አፍስሺ። ከፈሰሰ የቀረውም እውነት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከብታቸውን ወደ ገበያ ያወጣሉ። ካልፈሰሰ እንደ ልማዳችን እንሆናለን።» ቀጥለው ዱላቸውን ወደ ጓደኛቸው ቀሰሩ። «አንተ ደግሞ ውሃው ከፈሰሰ ወሬ የለህም!»

«ከፈሰሰ ወሬ የለኝም» አሉ አቶ ቡራሞ። «ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን እንጂ።»

ሴቶቹ እልልታቸውን አቀለጡት። ስምምነቱ በዚያው ጸና።

ወደ ሐዋሳ ሲመለሱ ሮማን «አባ፣ ዛሬ ረዱኝ ወይስ ጣሉኝ?» አለቻቸው።

«እሱን ውሃው ይነግርሻል» ብለው ኮታቸውን ተከናንበው ተኙ።

አቶ ዓለማየሁ ወሬውን ሲሰሙ ይቆጣሉ ብላ ፈርታ ነበር። ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። «ሽማግሌው ከእኔ ይሻላሉ። እኔ ሁለት ሳምንት ጠብቁ ብቻ ነው ያልኩት፤ እሳቸው በዚያ ጊዜ የምንሠራውን ሥራ ሰጡን» አሉና ፈረሙ።

ፊርማው ግን ፓምፕ አይሆንም። የጋልቻው ፓምፕ ሞተሩ ተቃጥሏል። ምትኩ እዚያው ሐዋሳ አንድ መጋዘን ውስጥ፣ ከነማሸጊያው ተቀምጧል። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ሥርዓት አክባሪ ሰው፣ «ለአስቸኳይ ጊዜ የተቀመጠ ነው። ድርቅ ታውጇል?» ብሎ ጠየቀ። አልታወጀም። «እንግዲያው አልችልም» አለ። ሮማን ተመላለሰች፤ ለመነች፤ መልሱ ያው ሆነ።

ይህን ጊዜ አቶ ዓለማየሁ ራሳቸው ተነሥተው ሄዱ። ዕቅዱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት። «ከመታወጁ በፊት ይላል፤ አንብበው። እስክትጨርስ እዚህ እቀመጣለሁ» ብለው ወንበር ሳቡ፤ ማኪያቶ አዘዙ፤ ጋዜጣ ዘረጉ። ሰውየው አነበበ። ወደ አለቃው ደወለ፤ አለቃው ወደ ሌላ አለቃ ደወለ። ሁለተኛው ማኪያቶ ሳያልቅ ፓምፑ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ቢሮ ተመልሰው ለሮማን ሲያወሩላት እንደ ወጣት ይፍለቀለቁ ነበር።

ጉድጓዱ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጠበቃቸው። ከፓምፑ ጋር የተላከችው የውሃ ቴክኒሻን ሐዳሳ ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ጸጉሯን በሻሽ ጠፍራ የምትሠራ ወጣት ናት። አሮጌውን ቧንቧ ሲስቡት መሃል ላይ ተበጥሶ ከነፓምፑ ጉድጓዱ ውስጥ ተሰነቀረ። ሐዳሳ ብረት በብረት በይዳ መንጠቆ ሠራች፤ አወረደችው፤ አልያዘም። አስተካክላ ደግማ አወረደችው፤ ያዘና ለቀቀ። አቶ ቡራሞ በመጀመሪያው ቀን ራቅ ብለው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ይታዘቡ ነበር። በሁለተኛው ቀን ቀረብ አሉ። በሦስተኛው ቀን ሮማን ከአባቷ ጋር ከሐዋሳ ስትደርስ አቶ ቡራሞን ኮታቸውን አውልቀው ከጎረምሶቹ ጋር ገመድ ሲጎትቱ አየቻቸው።

«ያዘ!» አለች ሐዳሳ። «ቀስ! አባ ቡራሞ፣ ቀስ!»

«ልጄ፣ እኔ ጥጃ ከላም ሆድ ስጎትት አንቺ አልተወለድሽም» አሉ እያለከለኩ።

የተበጠሰው ቧንቧ በጭቃ ተለውሶ ወጣ። አዲሱ ፓምፕ ወረደ። ጄኔሬተሩ ሲነሣ መጀመሪያ አየር ብቻ ተፋ፤ ቀጥሎ ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ተንጠባጠበ። ከዚያ ውሃው እየጠራ፣ እየወፈረ መጥቶ የሲሚንቶው ገንዳ ውስጥ ተዘረገፈ። ከሜዳው ማዶ ያሉ ከብቶች ሽታው ደርሷቸው አንገታቸውን ቀና አደረጉና ጠባቂዎቻቸውን ጥለው መሮጥ ጀመሩ። አቶ ላታሞ ከገንዳው ዳር ቆመው መዳፋቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቆዩ። የማን እንደሆነች የማያውቋት ጥቁር ላም አጠገባቸው አጎንብሳ ስትጠጣ ግንባሯን በእርጥብ እጃቸው ዳሰሷት። ሮማን ፊቷን አዞረች፤ እንባዋን ሰው እንዲያይባት አልፈለገችም።

«እንግዲህ ወሬ የለኝም» አሉ አቶ ቡራሞ ፊታቸውን እየታጠቡ። «ገዢዎቻችሁን አምጡ። ቀይዋን ግን እንዳትጠይቁኝ። እሷ ከብት አይደለችም፤ ቤተሰብ ናት።»

ገዢዎቹ መጡ። ከብቱ ገና ሥጋ ነበረውና በደህና ዋጋ ተሸጠ። ሴቶቹም በበኩላቸው ተሰብስበው፣ ከፍየሎቹ የትኞቹ እንደሚሸጡና የትኞቹ ለልጆች ወተት እንደሚቀሩ እነሱ እንደሚወስኑ ለሮማን ነገሯት፤ እንዳሉትም ሆነ። ድርቆሹ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጣሪያ ሥር ተከመረ። ይህን ያዘዙት አቶ ዓለማየሁ ናቸው፤ ሸራ ሳይቀር አስጨምረዋል።

በልጉ ቀረ። ሚያዝያ በባዶ አለፈ፤ ግንቦት ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ጋለ። ሰኔ ላይ ድርቁ በይፋ ሲታወጅ ጋልቻ ሥራው ከተጀመረ ወራት ተቆጥረው ነበር። ቀላል ጊዜ ነበር ማለት አይደለም። ሣሩ ከሥሩ ደረቀ፤ አቧራው መተንፈሻ አሳጣ፤ ሌሎች ቀበሌዎች ጉድጓድ ስለሌላቸው ውሃ በቦቴ ሲመላለስላቸው አንዳንዴ መኪናው ተበላሽቶ ሰዉ ጀሪካኑን ደርድሮ በከንቱ ዋለ። እንዲህ ባለ አንድ ቀን ሮማን ስልክ ይዛ ስትጮህ ውላ ድምፅዋ ተዘጋ። ያረጁና የታመሙ ከብቶች ሞቱ። ነገር ግን ሰው አልተሰደደም። ትምህርት ቤቱ ምሳ ስለሚያበላ ልጆቹ ክፍላቸውን አልለቀቁም። የተረፉት ላሞች ጎድናቸው ቢታይም በእግራቸው ቆሙ።

አቶ ላታሞ ውሃው ከፈሰሰ ወዲህ ሐዋሳ አልተመለሱም። ድርቆሹን ለእያንዳንዱ ቤት እንደየከብቱ የሚያካፍለው ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው መርጠዋቸዋል። «ከብት የለውም፤ ለማንም አያዳላም» አሉ ሰዎቹ። ደረሰ በስልክ «አባ፣ መቼ ይመጣሉ?» ሲላቸው «ሥራ ላይ ነኝ» ይሉት ጀመር። ሮማን ያን ቃል በሰማች ቁጥር ደስታዋ ቀኑን ሙሉ አይለቃትም ነበር።

ዝናቡ የመጣው በነሐሴ ማብቂያ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ፣ አቧራውን አንከባሎ፣ ከኋላው ውሃ አመጣ። ሮማን መስከረም ላይ ጋልቻ ስትደርስ ሜዳው ለምልሞ አገኘችው። አባቷ በአንዲት ትንሽ አዲስ ጎጆ ደጃፍ ቆመው ነበር። ጎጆዋን የቆላው ሰው በደቦ ሠርቶላቸዋል። አጠገባቸው አንዲት ጊደር ሣር ትነጫለች።

«የማን ናት?» አለች ሮማን።

«የቀይዋ ልጅ ናት» አሉ አቶ ቡራሞ ከኋላ ብቅ ብለው። «ድርቆሽ ሲያካፍል ለእኔ አንድ እፍኝ አልጨመረልኝም። እንዲህ ያለ ሰው ከብት ሊኖረው ይገባል።»

አቶ ላታሞ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሮማኔ፣ ቤታችሁ መልካም ቤት ነው። ደረሰንም ጌታ ይባርከው። ግን እኔ እዚህ ልቅር።»

ሮማን መልስ ለመስጠት አፏን ስትከፍት ስልኳ ጮኸ። አቶ ዓለማየሁ ነበሩ።

«የት ነሽ? የጎረቤት ወረዳ አስተዳዳሪ ቢሮዬ ተቀምጧል። የቆሙ ጉድጓዶች አሉን፣ እንደ ጋልቻ እንዲደረግልን እንፈልጋለን ይላል።»

«አሁን? ዝናቡ እየዘነበ?»

«አሁን ነው እንጂ! ሐዳሳን ነግሬያታለሁ፤ ነገ ትወርዳለች። አባትሽ ደህና ናቸው? ሽማግሌዎቹን የሚያናግርልን ሰው ያስፈልገናል፤ ጠይቂልኝ።»

ሮማን ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ አባቷ ዞረች። የተባለውን ነገረቻቸው። አቶ ላታሞ ጊደሯን አዩ፤ ጓደኛቸውን አዩ።

«ጊደሯን አንተ ታያታለህ?» አሉ።

«አያታለሁ» አሉ አቶ ቡራሞ።

«እንግዲያው ቆይ፣ ኮቴን ልልበስ» ብለው ወደ ጎጆዋ ገቡ።